ስለ ቃርና ስለ ድያፍራም ቡኣ፤ በሽተኛውን በቤት ስለ ማስታመም

በአገራችን ሰው ዘንድ ቃር እንደ በሽታ ተቈጥሮ አያውቅም። ወጥ የበዛበት ሰው ደረቱን እያሻሸ «ቃር ይዞኛል» ይላል፤ አጠገቡ ያለውም «ውሃ ጠጣበት» ብሎ ያልፈዋል። እውነትም፣ አልፎ አልፎ የሚመጣ ቃር ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ነገር አይደለም። ነገር ግን በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚመላለስ፣ ሰውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ፣ ኮምጣጣ ውሃ እስከ አፍ ድረስ የሚያወጣ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ የራሱ ምክንያት፣ የራሱ አካሄድና የራሱ አጠባበቅ ያለው በሽታ ስለ ሆነ፣ በዚህ ወር ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪ በሚገባ ልናብራራው አስበናል።

ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በዚህ በሽታ የአስታማሚው ሥራ ከሐኪሙ ሥራ የማያንስ መሆኑ ነው። ሐኪሙ መድኀኒት ያዝዛል፤ የአልጋው አነጣጠፍ፣ የራቱ ሰዓትና መጠን፣ የልብሱ መጥበቅና መላላት ግን በቤተ ሰቡ እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው፣ ከእምብርት በላይ ያለው ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» በሚል በአንድ ስም መጠራቱ ነው። የጨጓራ ቍስል፣ የሐሞት ጠጠር፣ ቃር፣ አልፎ ተርፎም የልብ ሕመም በዚሁ ስም ሲጠሩ እንሰማለን። ስሙ አንድ ስለ ሆነ ግን በሽታው አንድ አይሆንም፤ በዚህም የተነሣ ቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ የነበረበት ሰው በቤቱ ወተት እየጠጣ ይዘገያል።

በሽታውን ለመረዳት አስቀድሞ የሰውነትን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የምንውጠው ጕርሻ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት የምግብ ቧንቧ በዐዋቂ ሰው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ቧንቧው በደረት ውስጥ ከልብ በስተኋላ ያልፍና፣ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ድያፍራም የተባለውን ሰፊ ጡንቻ በአንዲት ቀዳዳ ሾልኮ ከጨጓራ ጋር ይገናኛል። በመገናኛው ላይ እንደ ቀለበት የሚከብ ጡንቻ አለ፤ ጕርሻው ሲደርስ ይከፈታል፣ ካለፈም በኋላ ይዘጋል። የድያፍራሙ ጡንቻ ደግሞ ቀዳዳውን ከውጭ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። እንግዲህ ቀለበቱ እንደ መዝጊያ፣ ድያፍራሙ እንደ መቀርቀሪያ ሆነው አንዱን በር ይጠብቃሉ ማለት ነው።

ጨጓራ ምግብን ለመፍጨት የሚያመነጨው ጭማቂ ብርቱ አሲድ አለበት። ይህም ሃይድሮክሎሪክ የተባለው አሲድ መሆኑን ዊልያም ፕራውት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1824 በጽሑፍ አስታውቋል (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እናደርጋለን)። ጨጓራው ከውስጥ በወፍራም ልጋግ የተለበጠ ስለ ሆነ ከራሱ አሲድ ይጠበቃል። የምግብ ቧንቧው ግን እንደዚህ ያለ መከላከያ የለውም፤ ስለዚህ በሩ ሲላላና አሲዱ ወደ ላይ ሲመለስ ቧንቧውን ይለበልበዋል። ቃር የምንለው የዚህ ልብላቤ ስሜት ነው። ልብላቤው ለብዙ ጊዜ ሲደጋገም ቧንቧው ይቈስላል፤ ቍስሉም ሲጠግ ጠባሳው ቧንቧውን ሊያጠብበው ይችላል።

ነገሩን ለተማሪዎቻቸው ለማስረዳት የሚፈልጉ መምህራን አንድ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ውሃ ሞልተው አፉን በላላ ክር ይሰሩት። ከረጢቱን አቁመው ሲይዙት ውሃው አይፈስም፤ ሲያጋድሙት ያንጠባጥባል፤ በመዳፋቸው ሲጫኑት ግን ይፈናጠቃል። የላላ በር፣ መጋደም፣ የሆድ መጫን፤ አስታማሚው የሚያደርገው ነገር ሁሉ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱን ለማቃለል የታሰበ ነው።

አሁን ስለ ድያፍራም ቡኣ እንናገር። ሕዝባችን ቡኣ ብሎ የሚያውቀው አንጀት በብሽሽት በኩል ወደ ታች ሲወርድ ነው። ይህኛው ግን ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ ቧንቧው የሚያልፍባት የድያፍራም ቀዳዳ ስትሰፋ የጨጓራው ላይኛ ክፍል በዚያው በኩል ወደ ደረት ይገባል። ያን ጊዜ መዝጊያውና መቀርቀሪያው ይለያያሉ፤ በሩም ይላላል። ከመቶው 95 ያህሉ ተንሸራታች የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጨጓራው ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ እዚያው ተይዞ አይቀርም። በቀረው ዓይነት የጨጓራው አንድ ወገን በቧንቧው ጎን ሽቅብ ይወጣል፤ ይህ አንዳንድ ጊዜ ሊጠማዘዝና ሊታነቅ ስለሚችል የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ቡኣው የሚበዛው ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ባለፈ፣ ሰውነታቸው በወፈረ፣ በሳል በሚሠቃዩና በሆድ ድርቀት ዘወትር በሚያምጡ ሰዎች ላይ ነው።

ኦከርሉንድ የተባለ የስዊድን የራጅ ሐኪም ይህን ቡኣ በየዓይነቱ ለይቶ የገለጠው በ1926 ነው። ፊሊፕ አሊሰን የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ጠጋኝ ደግሞ በ1951 ቡኣው ከአሲድ መመለስ ጋር ያለውን ግንኙነት አስረዳ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ በሽታ ይመስሉ ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ግን ቡኣ ኖሮት ምንም ሳይሰማው ዕድሜውን የሚጨርስ ሰው ብዙ ነው፤ ቡኣ የሌለውም ሰው ብርቱ ቃር ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ በራጅ ወይም በኤንዶስኮፒ ምርመራ «ቡኣ አለብህ» የተባለ ሰው መደንገጥ አይገባውም፤ የሚጠበቀውና የሚታከመው ሕመሙ ነው።

የበሽታው ምልክት ቃጠሎ ብቻ አይደለም። ጧት ጧት ድምፅ መሻከር፣ ሌሊት የሚነሣ ደረቅ ሳል፣ የአስም መባባስ፣ በጕሮሮ ውስጥ አንዳች ነገር እንደ ተቀረቀረ ሆኖ መሰማት፣ የጥርስ መቦርቦር፤ እነዚህም ሁሉ ከሚመለሰው አሲድ ሊመጡ ይችላሉ። መምህራን የድምፃቸውን መሻከር ዘወትር በጠመኔ አቧራና በተማሪ ጩኸት ያሳብባሉ፤ ብዙውን ጊዜም ልክ ናቸው። ነገር ግን ሻካራነቱ ከእንቅልፍ ሲነሡ የሚብስና ቀን የሚሻል ከሆነ የራታቸውን ሰዓት መመርመር ይገባቸዋል።

ሌሊት ለምን ይብሳል? ቀን ሰው ቆሞ ወይም ተቀምጦ ስለሚውል አሲዱ በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚህም በላይ ሳናስበው ምራቃችንን ደጋግመን እንውጣለን፤ ምራቅም ቧንቧውን እያጠበ አሲዱን ያበርደዋል። ሰው ተኝቶ ሳለ ግን ሁለቱም ይቀራሉ። ቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ቧንቧውን የነካ አሲድ ሌሊት ረዥም ጊዜ ይቈይበታል፤ አብዛኛው ቍስል የሚፈጠረውም በዚህ ሰዓት ነው። እንግዲህ የአስታማሚው ዋነኛ ሥራ በአልጋው ላይ ነው።

የአልጋው ራስጌ ከግርጌው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። በውጭ አገር በተማርሁበት ጊዜ የሆስፒታሉ አልጋዎች ራስጌያቸው በመዘውር የሚነሣ ነበር፤ በቤታችን ግን በራስጌ በኩል ባሉት በሁለቱ የአልጋ እግሮች ሥር ጡብ ወይም እንጨት ማስገባት ይበቃል። እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ እንጨቱ ከመካከሉ ጎድጎድ ቢል መልካም ነው። ብዙ ሰው በዚህ ፈንታ ሦስትና አራት ትራስ ይደራርባል። ይህ ስሕተት ነው፤ ትራስ የሚያነሣው ራስንና አንገትን ብቻ ስለ ሆነ ሰውነት ከወገቡ ይታጠፋል፣ ሆድ ይጨመቃል፣ አሲዱም ይባስ ብሎ ይወጣል። መነሣት ያለበት ከወገብ በላይ ያለው አካል በሙሉ ነው። በመደብ ወይም በወለል ላይ ለሚተኛ በሽተኛ፣ ከወገቡ ጀምሮ ወደ ራሱ እየወፈረ የሚሄድ የጭድ ወይም የጥጥ መከዳ ተሰፍቶ ከፍራሹ በታች ቢደረግለት ያንኑ ጥቅም ይሰጣል።

የአተኛኘቱም ጎን ዋጋ አለው። ጨጓራ ወደ ግራ የተነፋ ስለ ሆነ፣ በግራ ጎን የተኛ ሰው አሲዱ ከበሩ በታች ይተኛለታል፤ በቀኝ ጎኑ ሲተኛ ግን አሲዱ ከበሩ በላይ ይሆንና ወደ ቧንቧው ያዘነብላል። ስለዚህ በሽተኛው በግራ ጎኑ እንዲተኛ ማስለመድ ይገባል። ተኝቶ ከተገላበጠ ግን እንቅልፉን አቋርጦ ማዞር አያስፈልግም፤ የራስጌው ከፍታ ይጠብቀዋል።

ከአልጋው ቀጥሎ የሚመጣው ገበታው ነው። በመጨረሻው ጕርሻና በመኝታ መካከል ሦስት ሰዓት ማለፍ አለበት። ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚተኛ ሰው ራቱን ከ1 ሰዓት ባያሳልፍ መልካም ነው። ምሳ በልቶ ወዲያው ጋደም ማለትም እንዲሁ ይጐዳል፤ ድካም የተሰማው በሽተኛ በወንበር ላይ ደገፍ ብሎ ይረፍ። ምግቡ ጥቂት ጥቂት ሆኖ በቀን አራትና አምስት ጊዜ ቢቀርብ ይሻላል፤ የተወጠረ ጨጓራ በሩን ይገፋዋልና። በዚህ ነገር ላይ የሚያስቸግረን የራሳችን ልማድ ነው። «በሞቴ» እየተባለ የሚሰጠው ጕርሻ የፍቅር ምልክት መሆኑን እናውቃለን፤ ለዚህ በሽተኛ ግን ሦስተኛው «በሞቴ» የሌሊት ሥቃይ ነው። ባለቤቱ ወይም እናቱ አስቀድማ ለእንግዶቹ ብትነግርለት እርሱ በገበታ ላይ እምቢ ከማለት ችግር ይድናል።

ጾመኞችም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይቀምስ የዋለ ሰው፣ በጾመ ሁዳዴም ሆነ በረመዳን፣ በመፈሰኪያው ሰዓት ባንድ ጊዜ እስኪጠግብ በልቶ ሲተኛ ቃሩ ይበረታል። በጥቂቱ ጀምሮ፣ ትንሽ ቈይቶ ቀሪውን መብላትና ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ መቈየት ያስፈልጋል። መድኀኒት የታዘዘለት በሽተኛ የጾሙን ሰዓት ለሐኪሙ ቢነግር የመድኀኒቱ ሰዓት ከዚያ ጋር ይስተካከልለታል።

ስለ ምግቡ ዓይነት ብዙ ይባላል፤ አብዛኛውም የተጋነነ ነው። ቅባት የበዛበት ወጥ ከጨጓራ ቶሎ ስለማይወርድ ይጐዳል። አረቄ፣ ጠጅ፣ ቢራና ሲጋራ በሩን ያላሉታል። ጋዝ ያለበት ለስላሳ መጠጥ ጨጓራን ይነፋዋል። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ቲማቲምና ብርቱካን የቈሰለውን ቧንቧ ይነኩታልና ቍስሉ እስኪደርቅ መቀነስ ይገባል። ቡና ግን አንዱን ሲያቃጥል ሌላውን ምንም አይለውም፤ ስለዚህ እኛ የበሽተኛውን ቡና ያለ ምክንያት አንከለክልም፣ የጐዳው እንደ ሆነ ራሱ ይተወው። ለበሽተኛው ሁሉንም ነገር ከልክሎ አልጫና ዳቦ ብቻ ማቅረብ ሰውየውን ያከሳል እንጂ በሽታውን አያድንም።

ወተት ሲጠጡት ለጊዜው ያበርዳል፤ ነገር ግን ጨጓራው ወተቱን ለመፍጨት እንደ ገና አሲድ ያመነጫል። ተልባ ያለሰልስ ይሆናል፣ በሩን ግን አያጠብቀውም። የዳቦ ሶዳ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ደግሞ ከቶ ልማድ ሊሆን አይገባም። ሶዳው ብዙ ሶዲየም ስላለበት የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ሆድን የሚጫን ነገር ሁሉ መቃለል አለበት። ጠበቅ ያለ የሱሪ ቀበቶና በወገብ ላይ ተደጋግሞ የተጠመጠመ መቀነት ከረጢቱን እንደሚጫነው መዳፍ ናቸው፤ ቢቻል ከምግብ በኋላ ይላሉ። ከምግብ በኋላ ጐንበስ ብሎ ልብስ ማጠብ፣ ወለል መወልወል፣ ከባድ ዕቃ ማንሣትም እንዲሁ ነው፤ እነዚህን ሥራዎች ከቍርስ በፊት ወይም ምግብ ከተፈጨ በኋላ ማድረግ ይቻላል። የሆድ ድርቀት ያለበት በሽተኛ እንዳያምጥ አትክልትና በቂ ውሃ ይቅረብለት። ወፍራም የሆነ ሰው ጥቂት ኪሎ እንኳ ቢቀንስ ቃሩ የሚቀልለት መሆኑ በብዙ በሽተኞች ላይ ታይቷል፤ ከሚበሉት ነገሮች አንዱን ወይም ሌላውን ከመከልከል ይህ የበለጠ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ስለ መድኀኒት ጥቂት ቃል እንበል። የሚታኘከው ወይም በማንኪያ የሚጠጣው አንታሲድ ያለውን አሲድ ለጊዜው ያበርዳል። ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ግን አሲዱ ከመነሻው እንዲያንስ ስለሚያደርጉ ቍስሉ እንዲድን ይረዳሉ። ኦሜፕራዞል ከቍርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ ይዋጣል፤ በልተው ከዋጡት ኀይሉ ይቀንሳል። እንክብሉ አይታኘክም፣ ውስጡ ያሉት ቅንጣቶችም አይፈጩም። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይታዘዛል፤ በሽተኛው በሦስተኛው ቀን ሻል ሲለው እንዳያቋርጥ፣ ጊዜው ሲያልቅም ከመድኀኒት ቤት እየገዛ ለዓመታት እንዳይቀጥል አስታማሚው ይከታተል። በቤት የቀረ የራኒቲዲን ክኒን ካለ አይሰጠው፤ ይህ መድኀኒት ጐጂ ነገር ተገኝቶበት በ2020 በብዙ አገሮች ከገበያ ወጥቷል።

ሌሎች መድኀኒቶች ደግሞ በሽታውን ሊያብሱ ይችላሉ። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ጨጓራንና ቧንቧን ይቈጣሉ። ዶክሲሳይክሊን የተባለው እንክብል በጥቂት ውሃ ተውጦ ወዲያው ከተተኛበት በቧንቧው ላይ ተጣብቆ ያቈስላል፤ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጥ፣ ከዚያም ለግማሽ ሰዓት ቀና ተብሎ ይቈይ። አንዳንድ የደም ግፊት መድኀኒቶችም በሩን ያላላሉ፤ ይሁን እንጂ እነዚህን በገዛ ፈቃድ ማቆም ከቃር የከፋ አደጋ ስላለው ሐኪሙን መጠየቅ ብቻ ይገባል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ጨጓራ ባክቴሪያ አንድ ነገር ማስገንዘብ እንወዳለን። ዋረንና ማርሻል የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ በ1982 አግኝተው፣ የጨጓራና የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ቍስል አብዛኛው ከእርሱ የሚመጣ መሆኑን አስረድተዋል፤ በ2005ም የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ቃር ግን ከዚህ ባክቴሪያ የሚመጣ አይደለም። ባክቴሪያውን የሚገድለውን መድኀኒት ጨርሶ ቃሩ ያልለቀቀው ሰው «መድኀኒቱ አልሠራም» ብሎ ደግሞ ደጋግሞ እንዳይወስድ፤ የላላ በር በአንቲባዮቲክ አይጠገንም።

ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈውን አንባቢ ረጋ ብሎ እንዲያነበው እንለምናለን። የምግብ ቧንቧና ልብ ጎረቤታሞች ስለ ሆኑ ሕመማቸው ይመሳሰላል፤ ሐኪም እንኳ ያለ ምርመራ ሊለየው የማይችልበት ጊዜ አለ። ደረትን እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ ትከሻ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ከቀዝቃዛ ላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የመጣ እንደ ሆነ፣ ወይም በሥራና በመንገድ ሽቅብታ እየተነሣ በዕረፍት የሚተው ከሆነ፣ ቃር ነው ብሎ መቀመጥ አይገባም። በስኳር በሽተኞች፣ በሴቶችና በሽማግሌዎች ላይ የልብ ሕመም በማቅለሽለሽና በሆድ ቃጠሎ ብቻ ሊታይ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ወተት እየሰጡ እስኪነጋ መጠበቅ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል።

ደም ማስታወክ፣ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ማስመለስ፣ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቈረ ሰገራ መውጣት በውስጥ ደም እየፈሰሰ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ይህም ሌሊት ቀን የማይል ጉዳይ ነው። ድያፍራም ቡኣ እንዳለበት የታወቀ ሰው ድንገት ብርቱ የደረት ወይም የላይኛ ሆድ ሕመም ይዞት፣ ሊያስመልስ እየታገለ ምንም ካልወጣለት ጨጓራው ታንቆ ሊሆን ስለሚችል እንዲሁ ሳይዘገይ ይወሰድ።

በዝግታ የሚመጣው ምልክት ግን ይበልጥ ያታልላል፤ ይኸውም ለመዋጥ መቸገር ነው። በሽተኛው መጀመሪያ እንጀራና ሥጋ እየተቀረቀረበት በውሃ ያወርደዋል፤ ከዚያ ወደ ገንፎ፣ ከገንፎም ወደ አጥሚት ይሸጋገራል። ቤተ ሰቡ ምግቡን እያለሰለሰ ሲያቀርብለት ወራት ያልፋሉ። እንዲህ ያለው ነገር የቧንቧው መጥበብ ወይም ነቀርሳ (ካንሰር) ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይም ክሳት ካለበት፣ በኤንዶስኮፒ መታየት ያስፈልገዋል። በአገራችን የምግብ ቧንቧ ነቀርሳ በአርሲና በባሌ በዝቶ እንደሚታይ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። በዚያ የሚበዛው ዓይነት ከቃር የሚመጣው ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ «እኔ ቃር ይዞኝ አያውቅም» የሚለውም ሰው ለመዋጥ ከተቸገረ መመርመር አለበት። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥ ለዚሁ ነቀርሳ ሊያጋልጥ እንደሚችል በ2016 አስታውቋልና፣ ሻይንም ሆነ አጥሚትን በረድ አድርጎ መስጠት የአስታማሚው ልማድ ይሁን።

ነፍሰ ጡር ሴት በመጨረሻዎቹ ወራት ቃር ቢበዛባት የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ማሕፀኑ ጨጓራውን ስለሚገፋና የእርግዝናው ሆርሞን በሩን ስለሚያላላው ነው፤ ስትወልድም ብዙውን ጊዜ ይተዋታል። ነገር ግን ከአምስተኛው ወር በኋላ ከጎድን አጥንት ሥር ብርቱ ሕመም ከራስ ምታት፣ ከዓይን መደብዘዝ ወይም ከፊት ማበጥ ጋር ከመጣባት፣ ይህ ቃር ሳይሆን የእርግዝና የደም ግፊት ሊሆን ይችላል፤ ሳትውል ሳታድር ግፊቷ ይለካ። ሕፃናት ጠብተው ጥቂት ወተት ቢያስመልሱና ክብደታቸው እየጨመረ ቢሄድ በሽታ አይደለም፤ አብዛኞቹ ዓመት ሲሞላቸው ይተዋቸዋል። ለዐዋቂ ያልነው የራስጌ ማንሣትና የጎን አተኛኘት ለሕፃን አይሆንም፤ ሕፃን ምን ጊዜም በጀርባው፣ በደልዳላ መኝታ ላይ ይተኛ።

ተነሥቶ መቀመጥ የማይችል በሽተኛ ዘንድ ትልቁ ፍርሃት ቃጠሎው ሳይሆን የሚመለሰው ነገር ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ማምጣቱ ነው። ስለዚህ በጀርባው እንደ ተዘረረ አይጐርስም። ከኋላው በመከዳ ተደግፎ ቀና ይበል፤ ጕርሻው ትንሽ ይሁን፤ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይምጣ። በልቶ ከጨረሰም በኋላ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ እንደ ተደገፈ ይቈይ። አፉን በየጊዜው ማጠብም ከማስታመም ሥራ አንዱ ነው።

መድኀኒትና ጥንቃቄ ያልበቃው በሽተኛ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል። ሩዶልፍ ኒሰን የተባለ ሐኪም በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ሲሠራ በ1955 የጨጓራውን ላይኛ ክፍል በቧንቧው ጫፍ ዙሪያ ጠምጥሞ በመስፋት አዲስ በር የሚሠራበትን ዘዴ ጀመረ፤ ዛሬም ይህ ዘዴ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሠራል። ከቀዶ ጥገናው የተመለሰ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ለመዋጥ ሊከብደው ስለሚችል ምግቡ የላመ ይሁን፣ በደንብም ያላምጥ። ማግሣት ስለሚያቅተው ጋዝ ያለበት መጠጥ አይቅረብለት። ሐኪሙ እስኪፈቅድለትም ከባድ ዕቃ አያንሣ።

በመጨረሻም ማንበብና መጻፍ ለሚችል አስታማሚ የሚሆን አንድ ሥራ አለ። በሽተኛው ሐኪም ዘንድ ከመቅረቡ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል በደብተር ይጻፍለት፤ ቃሩ የተነሣበት ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የበላውና የጠጣው፣ ቆሞ ነበር ወይስ ተኝቶ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደ ነቃ፣ የወሰደው መድኀኒት ሁሉ ከነ መጠኑ፣ በሳምንት አንድ ቀንም ክብደቱ። ከብዙ ሰዎች ተራ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ያለው ሐኪም ይህን ደብተር ሲያገኝ፣ በሽተኛው ራሱ ሊያስታውሰው ከሚችለው ይበልጥ ያነብበታል።